ያልታየ ገጽ፦ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የንባብ ማስተማሪያ ሲመረጥ

በደሴም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ያስተማረ ሰው ሁሉ ይህን ልጅ ያውቀዋል። መጽሐፉን ተቀብሎ፣ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አሳርፎ፣ ሙሉውን ገጽ ሳይደነቃቀፍ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ጣቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለ አፉ አራተኛው ላይ ደርሷል። ገጹን በወረቀት ቢሸፍኑበት ንባቡ አይቋረጥም፤ አይቶት የማያውቀው ሌላ ገጽ ሲገለጥለት ግን የመጀመሪያውን ቃል ለማውጣት ይቸገራል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የማስታወስ ችሎታው የሚያስቀና ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሰጠው ትምህርት ከማስታወስ ያለፈ ነገር ጠይቆት አያውቅም።

ነገሩ የአንድ መንደር ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በሌሎች ክልሎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ሪድ ቲ ኤ በሚል አጭር መጠሪያ የታወቀው ፕሮጀክት አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች እንዲዘጋጁ አግዟል፤ በከተሞች የሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶችም «ፎኒክስ እናስተምራለን»፣ ማለትም ፊደልን ከድምፁ ጋር አገናኝተን ንባብ እናስተምራለን፣ የሚል ማስታወቂያ ከበራቸው ላይ መለጠፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። እንዲህ አማራጭ ሲበዛ ወላጅም ርእሰ መምህርም አንዱን ከሌላው የሚለይበት መመዘኛ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት መመዘኛ ማስተማሪያው የተሠራው ለየትኛው ፊደል ጠባይ ነው የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል፤ የላቲን ፊደልና የግእዝ ፊደል በልጅ ላይ የሚጭኑት ሸክም አንድ ዓይነት ባለመሆኑ፣ ለአንዱ የተቀመመ ዘዴ ለሌላው እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

በመጀመሪያ ማንበብ የምንለው ነገር ሁለት ሥራዎች የተጣመሩበት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ጉዳዩን በማባዛት ስሌት ገልጸውታል፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታ ቋንቋውን ሰምቶ በመረዳት ችሎታ ሲባዛ አንብቦ መረዳት ይገኛል፣ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው ማለት ነው። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ግእዙን፣ በቁርኣን ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ዓረብኛውን አሳምሮ ያነባል፤ ሁለቱም ግን ትርጉሙን የሚያገኙት ዘግየት ብለው፣ አንዱ ከትርጓሜ መምህሩ፣ ሌላው ከተፍሲር ሼኹ ዘንድ ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ሥራዎች ሆን ተብለው ተለያይተው በየተራቸው ይሰጣሉ። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለሚማር ሁለተኛው ሥራ በአመዛኙ ከቤት ይዞት የሚመጣው ሀብት ነው፤ የጎደለው የመጀመሪያው ነው። ፎኒክስ የሚባለው ዘዴም የሚመለከተው ይህንኑ የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ «ፎኒክስ አለን» የሚል ትምህርት ቤት የሥራውን ግማሽ እንደያዘ ሊታሰብ ይገባል።

ፎኒክስ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አገር ለምን ይህን ያህል አነጋጋሪ እንደሆነ ለመረዳት የቋንቋውን አጻጻፍ መመልከት ይበቃል። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ይዞ ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ለመጻፍ ይሞክራል። አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ፣ አንዱ ድምፅ ብዙ አጻጻፍ ይኖረዋል፤ የፊደሉ ስምም ከድምፁ የተለየ ነው። በዚህ ምክንያት ልጆች ቃሉን እንዳለ በዓይን ይያዙት ወይስ ፊደልና ድምፁን በሥርዓት ተምረው ይገጣጥሙት የሚለው ክርክር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣው የብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት ፎኒክስ በሥርዓትና በቅደም ተከተል ሲሰጥ ልጆችን እንደሚጠቅም ደምድሞ፣ የድምፅ ግንዛቤ፣ ፎኒክስ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና አንብቦ መረዳት የንባብ ትምህርት አምስት ዓምዶች መሆናቸውን አስቀምጧል። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ለልጆቿ ሁሉ 40 ቃላት ያሉት ፈተና ትሰጣለች፤ ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተናው ሲባል የተፈጠሩ ቃላት ናቸው። ልጁ ቃሉን በቃሉ ሸምድዶት እንዳይሆን የተዘየደ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። በአማርኛ የፊደሉ ስም ድምፁ ነው፤ «ለ» ተብሎ የተጠራው «ለ» ተብሎ ይነበባል። እንግሊዛዊው ልጅ ዓመታት የሚለፋበት የስምና የድምፅ ልዩነት የለብንም። የእኛ ችግር ብዛት ነው፤ 33 ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ፊደላት ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹን እነ ቋንና ጓን ሳንጨምር። ስለዚህ የአማርኛ ማስተማሪያ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህን ብዛት በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ፍጥነትና በምን ማቅለያ ያስተምራል የሚለው ነው።

ቅደም ተከተሉን በምሳሌ እንየው። አንድ መምህር በየሳምንቱ አንድ ቤት ከሀ እስከ ፐ በገበታው ተራ ቢያስተምር ሥራው 33 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። በዚህ ተራ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሐ ከሀ ጋር በድምፅ አንድ ነው፣ ሠም በኋላ ከሚመጣው ሰ ጋር። «ቤት» የሚለውን ቃል ለማንበብ የሚያስፈልጉት በ እና ተ የሚደርሱት በዐሥረኛውና በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። «እናት» የሚለው ቃል ደግሞ አን ስለሚፈልግ፣ አ በተራው 16ኛ በመሆኑ፣ ልጁ የእናቱን መጠሪያ ለማንበብ አራት ወር ያህል ይጠብቃል። በተቃራኒው ለ፣ መ፣ በ፣ ተ እና አ አስቀድመው ቢሰጡ ልጁ በአምስት ቤት ብቻ «ላም»፣ «ቤት»፣ «አበባ»፣ «ሎሚ» የሚሉትን ቃላት ማውጣት፣ «አለሙ ሎሚ በላ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ማንበብ ይችላል። ሞክሼ ፊደላቱን ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን ወደ ኋላ ማቆየት ክብራቸውን መቀነስ ሆኖ የሚታያቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ ጥያቄው ግን መቼ ይማሯቸው የሚል እንጂ ይማሯቸው ወይስ ይቅሩ የሚል አይደለም።

በዚህ ላይ የጥንቱን ትምህርት በጅምላ መንቀፍ ፋሽን ሆኗልና አንድ ነገር መባል አለበት። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የትምህርት ማዕከል በነበረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ምድር የምንኖር ሰዎች፣ የየኔታ ተማሪ ሀሁን ቆጥሮ ሲጨርስ እንዲሁ እንደማይለቀቅ እናውቃለን። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እየተባለ ቤቱም ድምፁም በአንድነት እየተቀያየረ ስለሚሄድ፣ ገበታውን እንደ ዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል። እንግሊዞች በተፈጠሩ ቃላት የሚያደርጉትን ማጣራት የእኛ አባቶች በአቡጊዳ ያደርጉት ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ በቁጥር፣ በውርድና በቁም ንባብ እየተደጋገመ ይነበባል፤ አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ በማንበብ ቅልጥፍናን ማምጣት የዛሬዎቹ መርሐ ግብሮችም የሚያዙት ነው። የሚያሳዝነው ዘመናዊው ክፍል ከዚህ ሥርዓት ሀሁውን በኅብረት መጮህ ብቻ ወስዶ አቡጊዳውንና የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ፊታቸው አስቀምጠው የሚያስነብቡበትን ልማድ መተዉ ነው።

ብዛቱን የሚያቀልለው ሁለተኛው መንገድ ሥርዓቱን ማሳየት ነው። ካዕብ በአብዛኛው ከቀኙ ጎን ጭረት ያወጣል፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሣልሱ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ሰ ቆብ ሲደፋ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ ይሆናል። ይህን በግልጽ የሚያስተምር መጽሐፍ 231 ቅርጾችን አንድ በአንድ ከማስያዝ ያድናል፤ ግን ሩና ፉ፣ ሪና ፊ ከሥርዓቱ እንደሚወጡ፣ ሳድሱና ሳብዑም ከቤት ቤት ጠባያቸው እንደሚለያይ መናገርና በእነዚህ ላይ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት አለበት። የሚመርጥ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ለል፣ ለም፣ ለስ፣ ለን የተሰጠው ልምምድ ለሉና ለሙ ከተሰጠው ይበልጥ እንደሆነ ቢያይ ጥሩ ምልክት ነው።

ሳድስን ካነሣን አይቀር፣ የአማርኛ ንባብ እውነተኛው አቀበት ያለው እዚህ ነው፤ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የፊደል መጻሕፍትም በዝምታ የሚያልፉት ይህንኑ ነው። «ላም» የሚለውን ቃል ሁለቱን ፊደላት ለያይቶ የጠራ ጀማሪ «ም»ን በአናባቢ ስለሚጠራት የሰማው ድምፅ ላም የሚባለውን እንስሳ አይመስለውም። ሳድስ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ከፊቱ ባለው ላይ ይዘጋል፣ ጽሑፉ ግን ልዩነቱን አይነግርም። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱት፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፣ ስንናገረው ግን አናባቢ የሚያገኙት የመጀመሪያዋ ት እና ህ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ተዘግተው ያልፋሉ። ጥሩ ማስተማሪያ በ«ላም»፣ «ቤት»፣ «ዶሮ» ዓይነት አጫጭር ቃላት ጀምሮ፣ ሳድስ መጨረሻ ላይ ሲዘጋ ለብቻው አለማምዶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ «ልብስ»ና «ክረምት» ይሸጋገራል።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ያልደረሰው ጊዜ ነው፤ «ዋና» ሲላላ የወንዙ፣ ሲጠብቅ የበላዩ፤ «አለ»ም እንዲሁ። በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ ነጥብ ይደረጋል እንጂ በተለመደው ጽሑፍ ምልክት የለውም፤ አንባቢው የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ቃላትን በነጠላ ብቻ የሚደረድር መጽሐፍ ልጁን ለዚህ አያዘጋጀውም። በነገራችን ላይ በወሎ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ወይም ጎን ለጎን ቁርኣን ቤት ይሄዳሉ፤ በዚያ የሚጠብቀው ፊደል ሸዳ፣ አናባቢ የሌለው ፊደል ሱኩን የሚባል ምልክት እንዳለው ተምረዋል። የአማርኛው ፊደል የማይጽፋቸውን ሁለቱን ነገሮች በስማቸው የሚያውቅ ልጅ ክፍል ውስጥ እንዳለ የሚገነዘብ መምህር «ይህቺ ፊደል ሸዳ ቢኖራት እንዴት ትነበባለች?» ብሎ ቢጠይቅ የረጅም ሰዓት ማብራሪያ ይተርፈዋል። እስካሁን ይህን የተጠቀመ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

የአካባቢ አነጋገርም ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። መጽሐፉ «ከቤት» ብሎ የጻፈውን የገጠር ልጅ «ኸቤት» ብሎ ቢያነበው ፊደሉን አልሳተም፤ አንብቦ፣ ተረድቶ፣ በራሱ አፍ ተናግሮታል። የመምህር መምሪያው እንዲህ ያለውን ከስሕተት እንዳይቆጠር የሚናገር ከሆነ አዘጋጆቹ ክፍል ገብተው ያውቃሉ ማለት ነው።

ለእንግሊዝኛ የሚገዙትን መርሐ ግብሮች በተመለከተ፣ ጆሊ ፎኒክስን የመሳሰሉት ለእንግሊዝኛ ንባብ ተገቢ መሣሪያ ናቸው። ይህ መርሐ ግብር 42 ድምፆችን በሰባት ምድብ ከፍሎ፣ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ሳይሆን ብዙ ቃል በሚሠሩት በኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ፣ ኤን ይጀምራል፤ ከላይ ስለ ለ፣ መ፣ በ የተናገርነው ዓይነት ብልሃት ነው። ሆኖም በፊደል ያደገ ልጅ ሁለት ልዩ እንቅፋቶች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው የፊደል ስም ድምፁ ነው ብሎ ስለሚያምን ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ሲኤቲ» ብሎ ማንበቡ ነው። ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው፤ «ካት» የሚለው ድምፅ ለእሱ ካ እና ት ሁለት ቁራጭ ሲሆን እንግሊዝኛው ክ፣ አ፣ ት ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። ካን ወደ ክ እና አ የመሰንጠቅ ችሎታ ፊደላችን ጠይቆት አያውቅም። የገበታው አግድምና ቁልቁል መስመር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ካን እያሳዩ፣ ከዚህኛው መስመር ክን፣ ከዚያኛው አን ወሰደች ብሎ ማስረዳት የሚችል መምህር ካለ መሻገሪያው ቀላል ነው። ከውጭ የመጣው መጽሐፍ ግን ይህን አይነግረውም፤ መምህሩ ራሱ ሊጨምረው ይገባል።

በከሚሴና በአካባቢው በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩ ልጆች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ድምፅን ለያይቶ ስለሚጽፍ፣ ማጥበቅንም ሆነ ማስረዘምን ፊደሉን በመደጋገም ስለሚያሳይ፣ መሰንጠቁን ያውቁታል፤ የሚያደናግራቸው ያው ፊደል በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ መያዙ ነው። በቁቤ ሲ የምትባለዋ ፊደል ጭ ናት፣ ኤክስ ጥ፣ ኪው ደግሞ ቅ። ለደሴ የግል ትምህርት ቤት የተመረጠ መርሐ ግብር ለከሚሴ እንዳለ ይሠራል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ማስተማሪያው እጃችሁ ሲገባ ሽፋኑንና ሥዕሉን ተዉትና ይህን አድርጉ። እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሚሰጡትን ፊደላት በወረቀት ጻፉ፤ የስድስተኛውን ሳምንት ምንባብ አውጡና ገና ያልተማሩት ፊደል ያለበትን ቃል ሁሉ አስምሩበት። የተሰመረባቸው ቃላት ጥቂት ከሆኑ ልጁ በተማረው ያነባል፤ ገጹ በመስመር ከተሞላ ያለው አማራጭ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ መሸምደድ ነው፣ መግቢያው ላይ የጠቀስነው ልጅም የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት አይወስድም፤ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሠራው ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

የመምህሩ ጉዳይም አለ። በ60 ተማሪ ክፍል እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ ማስነበብ 60 ደቂቃ ይጠይቃል፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በቀን አምስት ልጅ ካነበበለት ግን በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ይህን ሒሳብ ያላሰበ፣ በ20 ልጅ ክፍል የተሞከረ መርሐ ግብር የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የእኛን ክፍል አያውቀውም። የስልክ መተግበሪያዎች መብራትና ስልክ ባለበት ቤት ለልምምድ ይረዳሉ፤ መምህርን አይተኩም።

ቤት ደግሞ የማባዛት ስሌቱን ሌላ ወገን፣ ቋንቋን ሰምቶ መረዳትን፣ ይሸከማል። ቡና ሲፈላ የሚነገር ተረት፣ አያት የምትጠይቀው እንቆቅልሽ፣ ልጁ የሚሰማው መንዙማ የቃላት ሀብቱን የሚያሳድጉ ናቸው፤ ማንበብ የማይችል ወላጅም በዚህ በኩል ሙሉ አስተማሪ ነው። ይህን ያጣ ልጅ ቃሉን አውጥቶ ትርጉሙን ሳያገኝ ይቀራል።

በመጨረሻ የሚቀረው ውጤቱን ማየት ነው። ልጁ አይቶት ከማያውቀው መጽሐፍ ለደረጃው የሚሆን አንድ አንቀጽ መርጦ፣ ለአንድ ደቂቃ አስነብቦ በትክክል ያወጣቸውን ቃላት መቁጠር፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ፣ «ቡራሜ»ና «ጉሊቶ» የመሰሉ ትርጉም የለሽ ቃላትም ጨምሮ ማስነበብ ይበቃል። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ያልታየ ገጽ ይደገማል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸውና አሁን ከፍ ወዳለ ክፍል ለደረሱ ልጆችም መነሻው ይኸው ምዘና መሆን አለበት፤ ስድስተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ችግሩ ሳድስ ላይ ከሆነ የስድስተኛ ክፍል ምንባብ ደጋግሞ ቢሰጠው አይጠቅመውም፣ ከእኩዮቹ ፊት እንዳያፍር ከክፍል ሰዓት ውጭ፣ ለዕድሜው በሚመጥን ጽሑፍ፣ ከ«ላም»ና ከ«ቤት» ተነሥቶ ወደ «ትምህርት» እንዲደርስ ይደረጋል።